ቆሎው ለምን ለሰለሰ? የሃይኪንግ ቆሎ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜና እሁድ ወንጪ፣ የረር ወይም መናገሻ ሱባ ከሚወጣ ሰው ቦርሳ ቆሎ አይጠፋም። ግን ቤት ሲቀመስ ግሩም የነበረው ቆሎ ተራራው ላይ ሲከፈት ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። የማወራው ስለ ድብልቁ ነው፦ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ የተፈለፈለ ሱፍ፣ ለፈለገ ደግሞ ዘቢብ ወይም ተምር። የኔ መጠን ሁለት ኩባያ ገብስ፣ አንድ ኩባያ ሽምብራ፣ አንድ ኩባያ ለውዝና ግማሽ ኩባያ ሱፍ ነው። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተበጥሮ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ እንደሚቆላ ታውቃላችሁ። ጠጠር ሳይለቅም የሚቆላ ሰው የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይያዝ።

ምልክት፦ ቆሎው ሲቆረጠም ድምፅ የለውም

በብዛት የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ሰዉም ሁልጊዜ የሚወቅሰው ገብሱን ነው። "ገብሱ አሮጌ ነው"፣ "ባለሱቁ አታለለኝ" ይባላል። ኧረ ገብሱን ተዉት! በደንብ የተቆላ ቆሎ ውስጡ የቀረው ውሃ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይጠጣል። የእናንተ ሥራ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው።

አንደኛው ምንጭ ትኩስ ማሸግ ነው። ሰው የሚቆላው በዋዜማው ማታ፣ እንቅልፍ እያዳፋው ነው። ከምጣዱ አውርዶ ፌስታል ውስጥ ይገለብጥና ይቋጥረዋል። እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ፌስታሉ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፣ ውሃውን ቆሎው ይጠጣዋል። አንድ ወዳጄ ለወንጪ ጉዞ ለመላው ቡድን ቆልቶ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ይዞ መጣ። መኪና ውስጥ ስንፈታው የፌስታሉ ውስጥ ላብ በላብ ነው። "ትኩሱን እንድትበሉት ብዬ እኮ ነው" አለ። ምን ይባላል? ሆሌታ ሳንደርስ ቆሎውን ትተን ዳቦ ፍለጋ ወረድን።

መፍትሄው ጊዜ መስጠት ነው። ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አስጡት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። የላዩን ነክታችሁ "ቀዝቅዟል" አትበሉ፣ እጃችሁን መሃሉ ስደዱ። ከተጠራጠራችሁ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና በሰሃን ክደኑት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ብርጭቆው ካላበው ገና ነው። በሌላ በኩል፣ በክረምት ሌሊቱን ሙሉ ተሰጥቶ እንዲያድር አትተዉት። የሐምሌ አየር ራሱ ያረጥበዋል። ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይታሸግ።

ሁለተኛው ምንጭ ዘቢብ ነው፤ ይሄን የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። ዘቢብ ደረቅ ይመስላል እንጂ ደረቅ አይደለም። ተምርማ ይብሳል። ከደረቅ ቆሎ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲዘጋበት እርጥበቱ ቀስ በቀስ ወደ ቆሎው ይሄዳል። ቆሎው ይለሰልሳል፣ ዘቢቡ ይደርቃል። ሁለት ጥሩ ነገር አብራችሁ አበላሻችሁ ማለት ነው። አንዲት የቡድናችን አባል የእሁዱን ድብልቅ ረቡዕ አዘጋጅታ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ይዛ የረር ወጣች። ገብሱ ማስቲካ ሆኗል። ዘቢቡ ደግሞ በጥርስ አይበገርም። "ዕቃው እኮ አየር አያስገባም" አለች። አዎ፣ አያስገባም። ውስጥ ያለውንም አያስወጣም። ጥብቅ ክዳን የሚጠቅመው ውስጡ ያለው ሁሉ እኩል ደረቅ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ዘቢብና ተምር ለብቻቸው በትንሽ ከረጢት ይያዙ። መዳፋችሁ ላይ ቀላቅላችሁ ቃሙት። ለአንድ ቀን ጉዞ ጠዋት ስትወጡ መቀላቀልም ይቻላል፣ እስከ ማታ ይጸናል። ለብዙ ቀን ጉዞ፣ ለምሳሌ ለስሜን ተራሮች፣ በፍጹም።

ሦስተኛው የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ ሃይላንድ የምንለው። ቆሎ ለመያዝ እሱን የሚያህል የለም። አፍ ላይ ዘቅዝቆ መቃም ነው፣ የቆሸሸ እጅ አይገባበትም። ግን አጥባችሁ ወዲያው አትሙሉት። ጠባብ አፍ ስላለው ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። ክዳኑን አውልቃችሁ፣ ዘቅዝቃችሁ፣ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። የክዳኑን ጥርስም እዩ፣ ጠብታ የምትደበቀው እዚያ ነው። በረኪና ወይም ነዳጅ የነበረበት ፕላስቲክ ግን ምንም ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። ስንት ሰው ቤት "ታጥቧል እኮ" ሲባል ሰምቻለሁ።

ጨውም አለ። ጨው የምትወዱ በጥቂት ውሃ በጥብጡትና ቆሎው ምጣድ ላይ እያለ እርጩበት፣ ከዚያ እስኪደርቅ አማስሉት። ከእሳት ከወረደ በኋላ የጨው ውሃ መርጨት እያወቁ ማበላሸት ነው።

የለሰለሰ ቆሎ ቤት ከሆናችሁ ይድናል። ዘቢቡን ልቀሙና አውጡ፣ ለውዙንም ለዩ። ገብሱንና ሽምብራውን በለሰስ ያለ እሳት ለጥቂት ደቂቃ አማስሏቸው። እንደገና አቀዝቅዙ፣ አደራ! መንገድ ላይ ከሆናችሁ ግን እንዲሁ ይበላል፣ ጉዳት የለውም።

ምልክት፦ ለውዙ መረረ

ትኩስ ለውዝ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ምጣዱ ላይ እየቀመሰ "ገና ነው" ይላል፣ እስኪያር ድረስ። ገለባው በጣት ሲታሽ ከተላቀቀና ፍሬው ወርቃማ መልክ ከያዘ አውርዱት። ከወፍራም ብረት ምጣድ ላይ ደግሞ ወዲያው ይገልበጥ። እሳቱ ቢጠፋም ምጣዱ መቁላቱን አያቆምም።

ሳያር የመረረና የአሮጌ ዘይት ሽታ ያለው ከሆነ ዘይቱ ተበላሽቷል። ታሽጎ ከሚሸጠው ለውዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ አለ። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ከርሞ፣ በጨው ብዛት ተሸፍኖ ይሸጣል። ጥሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ቁሉ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት።

የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ለውዝ ካያችሁ ጣሉት። "ሲቆላ ይጠፋል" የሚባለው ውሸት ነው። ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በቤት ውስጥ መቁላት አይጠፋም። ጉበት ይጎዳል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ምልክት፦ አንዱ አርሯል፣ አንዱ ጥሬ ነው

ሁሉንም አንድ ምጣድ ላይ ጨምራችኋል። ሱፍ በደቂቃዎች ውስጥ ያርራል፣ ሽምብራ ደግሞ ትዕግስት ይፈልጋል። ለየብቻ ቁሉ።

ምልክት፦ ሽምብራው ጥርስ ይፈትናል፣ ሆድ ይነፋል

ሳይዘፈዘፍ ተቆልቷል። ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በጨርቅ አድርቃችሁ ቁሉ። ሆዳችሁ አሁንም ካስቸገራችሁ ሽምብራውን ቀንሱና ገብሱን ጨምሩ።

ምልክት፦ ለውዙ አልቆ ገብስ ብቻ ቀረ

የዚህ ምክንያት ሁለት ነው። ዕቃ ሲናጥ ትልልቁ ፍሬ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንንሹ ወደ ታች ይሰርጋል። ሁለተኛው ምክንያት በየቡድኑ የማይጠፋው ለውዝ ለቃሚ ነው። የመጀመሪያውን ዕቃውን በማገላበጥ ታስተካክላላችሁ። ሁለተኛውን የሚያስተካክለው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ማሸግ ብቻ ነው፣ ምክር አይገባውም።

ምልክት፦ ቸኮሌቱ ቀልጦ ሁሉንም አጣብቋል

ቸኮሌት ከሰውነት ሙቀት ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር ከሆነ ተዉት። ለደጋም ቢሆን ብዙው ቸኮሌት ወተት ስላለበት ረቡዕና አርብ ግማሹ ሰው አይነካውም። በቅቤ የተሠራ ዳቦ ቆሎም እንዲሁ ነው። ለቡድን የሚያዘው የጾም ይሁን፣ ሁሉም ይበላዋል።

የቀሩት ማስጠንቀቂያዎች፦ ዳገት ላይ እያለከለካችሁ አትቃሙ፣ ትን ይላል። ቆማችሁ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ። ለትንንሽ ልጆች ሙሉ ለውዝና ሽምብራ አትስጡ። ለሌላ ሰው ከመዘርጋታችሁ በፊት ለውዝ የማይስማማው ካለ ጠይቁ፤ ካለ ለእሱ ለውዝ ያልነካው ቆሎ ከመጀመሪያው ለብቻው ይታሸግ። ከመሃሉ ለውዙን መልቀም አይበቃም። ለጭላዳና ለጦጣም አትወርውሩ። አንዴ ከለመዱ የሚቀጥለውን ተጓዥ ቦርሳ ይቀማሉ።