በጣና ዳር ትንንሽ ከተሞች የክረምት ዝግጅት ስናሰናዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐምሌ ነበር። ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ለክረምት ወደ ቤተሰባቸው ከተመለሱ ተማሪዎች ጋር ሆነን የመዝናኛ ዝግጅት አሰናዳን። ሙዚቃ፣ ጭውውት፣ ጥያቄና መልስ፣ መጨረሻ ላይ የእግር ኳስ ዋንጫ። ሞንታርቦ ተከራየን፣ ድንኳን ተከልን። ሰዓቱን ከቀኑ 9 ሰዓት አደረግነው፤ ሰው ከሥራው እፎይ የሚልበት ሰዓት ነው ብለን። 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው፣ እኛ ሞንታርቦው ላይ ላስቲክ ለመጣል ስንሯሯጥ፣ እናቶች በየበረንዳው ተጠልለው ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲያዩን ነው።

በሐምሌ መዝነቡ ማንንም ሊያስገርም አይገባም። የከተማዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድም ሰው ግን አልጠየቅንም። በባሕር ዳር ልማድ አቀድን፣ እቅዱን ይዘን ሄድን። ከዚያ ወዲህ በብዙ የክረምት ዝግጅቶች ላይ እጄ አለበት። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያው የሚመነጩ ናቸው፤ ከተማዋ የምትኖርበትን ጊዜ ሳይጠይቁ ከማቀድ።

ከሰዓት በኋላ መጀመር

ባሕር ዳርና አካባቢዋ የዓመቱን ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጠዋት ብዙ ጊዜ ሰማዩ ይከፈታል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚሆነው ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ቢያልቅ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር ካለ ጣሪያ ሥር ይሁን፤ የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ከዋዜማው እወቁ። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ቁልፍ ያዥ ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ።

መብረቅን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ። በአካባቢያችን በየክረምቱ ሰውም ከብትም ይገድላል። ጨዋታ መሀል ነጎድጓድ ከተሰማ ዳኛው ወዲያው ያቁም። ሕዝቡ ዋርካ ሥር እንዳይሰበሰብ በማይክ ንገሩት። ከልጅነታችን ጀምሮ ዝናብ ሲመጣ ዋርካ ሥር መጠለል ለምደናል፤ አደጋው ያለው እዚያው ነው። ድንኳንም ከመብረቅ አያስጥልም። ሰው ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አትመለሱ።

ቀኑን ከስልክ ካላንደር መምረጥ

ቅዳሜና እሑድ ለእኛ ዕረፍት ነው። ለገበሬው ግን ቅዳሜ እንደማንኛውም ቀን የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራል፣ ፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ አረም አለ፣ ወንፈል ተጠርቷል። ገበሬው እርሻ የማይነካበት ቀን እሑድና የታቦት ቀን ነው። ሐምሌ 7 ሥላሴን፣ ሐምሌ 19 ገብርኤልን አስቡ። በእነዚህ ቀኖች ሰው ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ቤቱ ገብቶ ይቀማምሳል፣ ከዚያ ጊዜ አለው። ሰዓቱን ትንሽ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ገፋ ብታደርጉት የገጠሩም ሰው ይደርሳል። የከተማዋን የገበያ ቀን ደግሞ አትንኩ። ሰው ይበዛል ብላችሁ ትመርጡት ይሆናል፤ ሰውዬው ግን የመጣው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ዘይት ገዝቶ፣ ወንዙ ሳይሞላ ሊመለስ ነው።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሞንታርቦ መክፈት ከተማዋን በሙሉ ማስቀየም ነው። ጭፈራ ያለበት ዝግጅት ካላችሁ ወይ ሐምሌ ላይ ጨርሱት፣ ወይ ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት። ፍልሰታ ውስጥ ማድረግ ግድ ከሆነባችሁ ችግኝ ተከላ፣ ለአዲሱ ዓመት የአቅመ ደካሞችን ቤት መጠገን፣ የተማሪዎች ጥያቄና መልስ ይሁን።

የሙስሊም ወገኖቻችን በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ። ዘንድሮ መቼ እንደሚውሉ መስጊድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዓርብ ቀን ደግሞ የጁምዓ ሶላት ሰዓትን ነጻ አድርጉት።

ለቅሶ ሊኖር እንደሚችል አለማሰብ

ይህን ስህተት ነው በጣም የምፈራው። በትንሽ ከተማ አንድ ሰው ሲሞት ሀዘኑ የአንድ ቤት አይደለም። ዕድሩ አንድ ነው፣ ድንኳኑ አንድ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው። እናንተ ለዝግጅት የተዋሳችሁት አግዳሚ ወንበር ለለቅሶ የሚፈለገው ያው ወንበር ነው።

አንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ አድሮ፣ ሌሊት የሰፈሩ አንዲት እናት አረፉ። ጠዋት ወጣቶቹ ሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ የሞንታርቦ ኪራይ ተከፍሏል፣ የእንግዳ ቡድንም መንገድ ላይ ነው አለ። ገሚሱ ደግሞ ማን ፊት ነው የምንጨፍረው አለ። መጨረሻ ላይ የዕድሩን ዳኛ ሄደን ጠየቅን። እሳቸውም ብዙ አልተናገሩም፤ ድንኳኑን ወደ ለቅሶው ቤት እንድናመጣ ብቻ ነገሩን። አመጣን። የእግር ኳስ ማልያ የለበሱት ልጆች ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲፈልጡ ዋሉ። የእንግዳው ቡድን ልጆችም ከመኪና ወርደው ቀብር ሄዱ። ዝግጅቱ ወደ ሁለተኛው እሑድ ተዛወረ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ሰው ሜዳው ላይ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ሳናደርግ አንጀምርም። መጠባበቂያ ቀን ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይነገራል። ከሞንታርቦ አከራዩ ጋር ስንዋዋል፣ ለቅሶ ከተፈጠረ ቀኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲዛወር አብረን እንጽፋለን። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ የክብር እንግዳ ብቻ ሳይሆኑ የኮሚቴው አባል ይሆናሉ።

ገንዘቡን በሙሉ ለከተማ ዘፋኝ መስጠት

ፖስተር ላይ የታወቀ ስም ሲኖር ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ዘፋኙ 3 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል፣ በፍላሽ የመጣ ሙዚቃ ላይ ሁለት ዘፈን ይዘፍናል፣ ከመጨለሙ በፊት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። ለልጆቹ ኳስና ማልያ የታሰበው ገንዘብም አብሮት ይሄዳል።

ጎጃምና ጎንደር መካከል ቁጭ ብለን የጨዋታ ሰው አጣን ማለት አይቻልም። ማሲንቆ የሚገዘግዝ አዝማሪ በቅርብ አለ። ከብት ጠባቂው ልጅ ዋሽንት ይነፋል። አዝማሪ ደግሞ የቀበሌውን ሰው በስም እያነሳ፣ የዓመቱን ነገር በግጥም እያዋዛ ይጫወታል። ያን የትም አገር የተቀዳ ሙዚቃ አይሰጣችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አዝማሪው በሽልማት ብቻ ይኖራል ብላችሁ ያለ ክፍያ አትጥሩት። ሙያ ነው፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቡሄን መድረክ ላይ ማውጣት

ነሐሴ 13 ሲቃረብ አንዳንድ አዘጋጅ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ የሆያ ሆዬ ውድድር ያደርጋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ልጆቹ አመሻሹን መድረክ ላይ ሲያሳልፉ፣ ሙልሙል ጋግራ በር በሩን የምታይ እናት አለች። ልጆቿ ርቀው የሄዱባት አሮጊት የዱላ ድምፅ ስትሰማ ነው ዓመቱ ዞሮ እንደመጣ የሚሰማት። ቡሄ ከቤት ቤት የሚዞር ነገር ነው፤ ቤቱን ካጣ ቡሄነቱ ይጎድላል። መርዳት ከፈለጋችሁ ችቦ የሚበራበትን ቦታ ከሣር ክዳን ቤት አርቁ፣ ትንንሾቹን የሚያጅብ ታላቅ ወንድም መድቡ። የእንቁጣጣሽ አበባ አዟሪ ሴቶች ልጆችም እንደዚሁ ናቸው።

ሐይቁን እንደ መዋኛ ገንዳ ማየት

ጣና ዳር ሆኖ የውኃ ውድድር አለማሰብ ይከብዳል። የታንኳ እሽቅድድም የመሰለ የሚያምር ነገርም የለም። ስህተቱ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ቀዝፎ የማያውቅ ተማሪ ላይ ቁጥር ለጥፎ ማስጀመር ነው። ታንኳ ሚዛን ይፈልጋል፣ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣም ይከብዳል። የሚወዳደሩት በየቀኑ እንጨትና እህል ጭነው የሚቀዝፉት ሰዎች ይሁኑ። ጠዋት ይሁን፣ ከዳር ሳይርቅ ይሁን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑር፣ የሞተር ጀልባም በተጠንቀቅ ይቁም። ዝናብ ያዘለ ንፋስ ሲነሳ ጣና በደቂቃዎች ውስጥ ማዕበል ያነሳል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ።

የዋና ውድድሩን ተዉት ነው የምለው። በሐይቁ ዳር ዳር ከውኃው የሚይዝ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ልጆችን በሽልማት እያባበሉ እዚያ ውስጥ ማስገባት ልክ አይደለም።

የመመለሻውን ነገር መርሳት

እንግዳ ስንጠራ መምጫውን እናስባለን። የርብና የጉማራ ወንዞች ግን ነሐሴ ላይ ከአፋቸው አልፈው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ጠዋት የተሻገሩት ቦይ ማታ አይሻገሩትም። ከደቅ ደሴት የመጣ ሰው ጀልባው ካመለጠው ማደሪያው የት ነው? ይህን ሳትመልሱ ጥሪ አትላኩ። የዋንጫ ጨዋታ እንግዳው ቡድን በጊዜ እንዲመለስ መጀመሪያ ላይ ይደረግ እንጂ መዝጊያ ላይ አይሁን። ለቀበሌውና ለጸጥታ ሰዎች ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ሰዓት እላፊ ካለ ሁሉም ሰው ከዚያ በፊት ቤቱ ገብቶ እንዲያድር አድርጋችሁ አቅዱ።

ጥቃቅን የሚመስሉ

መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ይኑር፣ ከልጆች ይራቅ፣ ኤክስቴንሽኑ ጭቃ ላይ አይተኛ። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ከሌለ እናቶች አንድ ሰዓት ሳይቆዩ ይሄዳሉ። በጾም ቀን ምግብ ካለ ሽሮና ምስር ይበቃል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ነገር በየቤቱ ስለሚለያይ ድስቶቹን ለዩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በቆሎ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ እናቶችን ከሜዳው በር አታባርሯቸው። ለእነሱ ቦታ ስጡ፤ ልጆቹም የሚፈልጉት እሱን ነው።

ሒሳቡን ኪስ ውስጥ ይዞ መበተን

ከየሱቁ 50 ብርም ይሁን 500 የተሰበሰበ ገንዘብ በማግስቱ ይነበብ። ማን ሰጠ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተረፈ። ቀበሌ በር ላይ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይበቃል። ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው ክረምት በራቸውን ስታንኳኩ ከልባቸው አይከፍቱላችሁም።

ወረቀቱ ከመለጠፉም በፊት ሌላ ሥራ አለ። በነጋታው ጠዋት ያ ሜዳ የከብት ማሰማሪያ ነው። ፌስታል የዋጠች ላም ሆዷ ታውኮ ትሞታለች፤ ላሟ ደግሞ የአንድ ቤት ዓመት ናት። የቀረውን ፕላስቲክ ጎርፉ ጠርጎ ጣና ውስጥ ይጨምረዋል። ስለዚህ ኮሚቴው በዚያው ምሽት ጆንያ ይዞ፣ በባትሪም ቢሆን፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይልቀም። ለእረኞቹም የትኛው ጥግ እንደቀረ ይንገራቸው፣ ከብቶቹን በዚያ በኩል እንዳያወጡ።