የማለዳ ብርድና የማይነሳው ኡራል፦ አሮጌ የጦር መኪና ስናስነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥቅምት ሲገባ የጎጃም ደጋ ማለዳ ጥርስ ያንገጫግጫል። ረዳት በነበርኩበት ዘመን እንጅባራ ላይ ድንች ጭነን አደርንና፣ አሮጌዋ የኢፋ ጭነት መኪናችን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልነሳም ብላ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀስን። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ያልሠራነው ጥቂቱን ነው።

የስህተቶች ሁሉ አባት «እዚህ አገር በረዶ የለም» ብሎ ማሞቂያውን መተው ነው። ከሠራዊት የወጣ ኡራል 4320 የተባለውን የሩሲያ ጭነት መኪና ያየ ሰው ይገባዋል። መኪናው ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተ ነው፤ የካማዝ ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር አለው። አየር በሚገባባቸው በግራና በቀኝ ቧንቧዎች ላይ አንድ አንድ ካንዴሌታ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚግል ማሞቂያ፣ ተተክሏል። ካንዴሌታው ይግላል፣ ጥቂት ናፍጣ ይደርሰዋል፣ ነበልባል ይሆናል። ወደ ሲሊንደር የሚሄደው አየር በዚያ እየሞቀ ያልፋል። የኛ ሰው ግን ሽቦው ሲበጠስ «ይሄ ለሩሲያ ነው» ብሎ ጠቅልሎ ያስረዋል።

ችግሩ ብርዱ ብቻ አይደለም። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚሰጠው ካንዴላ የለውም፤ የሚነሳው ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቀው በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚያ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። የሚጨመቀው አየር ከመነሻው ሳስቷል፣ ብረቱ ቀዝቅዟል፣ ዘይቱ ወፍሯል፣ የፒስቶን ፋሻው (ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት) አርጅቷል። ጅቡቲ ላይ ቁልፍ ሲነካ የሚነሳ መኪና ማርቆስ ላይ ቢያኮርፍ ምን ይገርማል?

ማሞቂያው እያለላቸው የማይታገሡም አሉ። መብራቱ ካንዴሌታው መጋሉን እስኪያሳይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሾፌሩ አሥር ሰከንድ ጠብቆ ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ ይጫነዋል፤ ከዚያ «ማሞቂያው አይሠራም» ይላል። መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እንደተነሳ ሁለቱን የአየር ቧንቧዎች ካንዴሌታው አጠገብ በእጅ መዳሰስ ነው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ፣ የቀዘቀዘው ወገን ካንዴሌታ ሞቷል ወይም ናፍጣ አልደረሰውም።

ሲቀየርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናው 24 ቮልት ቢሆንም የዚህ ካንዴሌታ ልክ 19 ቮልት ነው፤ ትርፉን የሚቀንስ ሬሌ መሃል ላይ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ሬሌውን ዘልሎ ከባትሪ በቀጥታ ከቀጠለው ካንዴሌታው ወዲያው ይቃጠላል። ከዚያ ወቀሳው በዕቃው ላይ ነው፤ «ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ጭሱን አለማየትም ስህተት ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ ሙቀት ነው ያጠረው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ያኔ አየር መሳቡን፣ የናፍጣ ማጣሪያውን (ፊልትሮውን)ና የናፍጣ ፖምፓውን ማየት ነው። «ናፍጣው ረግቶ ነው» እያሉ ነጭ ጋዝ መጨመር እዚህ ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም። ጮቄ ተራራ ጫፍ ካላደራችሁ በቀር ናፍጣውን የሚያረጋ ብርድ የለም። ነጭ ጋዝ ደግሞ ፖምፓውን የሚያለሰልሰውን ቅባት ያሳሳዋል።

በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ መያዝ ወይም የማስነሻ ስፕሬይ መንፋት ከሁሉም ያስፈራኛል። ማሞቂያው በሚሠራበት ቧንቧ ውስጥ ነበልባል አለ። ቤንዚኑ ሲሊንደር ሳይደርስ እዚያው ይፈነዳል፤ ከፊት የቆመው ረዳት ነው የሚጎዳው። ሲሊንደር ቢደርስም ያለጊዜው እየነደደ ፒስቶንና ፋሻ ይሰብራል። ካርተር፣ ማለትም ከሞተሩ ግርጌ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ስር እሳት ማንደድም ያው ነው። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ዘይትና ናፍጣ እዚያ ተለጥፎ ከሰል ይዞ መግባት!

ማታ ቁልቁለት ላይ አቁሞ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርጎ፣ ጠዋት በማርሽ ማስነሳት የቆየ ዘዴ ነው። ሜዳ አካባቢ እሺ ይሁን። ግን አዳሩን አየሩ ያለቀበት ፍሬን መኪናውን በወጉ አይዝም፤ ሞተር ካልተነሳ መሪውም ይከብዳል። ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ይህን የሚሞክር ሾፌር አብሬው አልሳፈርም።

ሞተሪኖን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዙት። አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉትና ድገሙት። አለዚያ ራሱም ይቃጠላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ሞልቶ ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ሄዷል። ገንዘብ ለመቆጠብ 24 ቮልቱን አብረው ከሚሰጡት ሁለት ባትሪዎች አንዱን ብቻ አዲስ የሚገዙ አሉ። አሮጌው ቶሎ ሲደክም አዲሱንም እየጎተተ ይገድለዋል፤ ሁለቱ አብረው ቢቀየሩ ይሻላል።

እንጅባራም የጠፋን ነገር ባትሪው ላይ ነበር። ገፋን፣ ተሳደብን፣ ጨርቅ ይዘንም ዞርን። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው አንዱ ሽማግሌ ሾፌር መጥቶ የባትሪውን ሞርሴቶ፣ ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያጣብቀውን ብረት፣ በጣቱ የነካው። ነጭ ዱቄት ለብሶ ይወዛወዛል። ከሻይ ቤቷ እመቤት አንድ ጣሳ የፈላ ውኃ ለመነና አጠበው፣ አደረቀው፣ አጠበቀው። ኢፋዋ ሁለት ጊዜ አስላችና ተነሳች።