ማርሽ አልገባ ያለ ፒክአፕ፦ ካምቢዮ ከማስወረድዎ በፊት

ማንዋል ካምቢዮ ያለው ፒክአፕ ማርሽ አልገባ ሲል ብዙ ሰው ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ሆኖም ችግሩ ብዙውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ (ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየው ክፍል) ላይ ስለሚሆን፣ ካምቢዮ ይውረድ ሲባሉ ከመስማማትዎ በፊት ይህን ቢፈትሹ ከከባድ ወጪ ሊድኑ ይችላሉ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙና ሞተሩን አጥፍተው ማርሾቹን በየተራ ይሞክሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ እየገቡ፣ ሲነሳ ግን እንቢ የሚሉ ወይም የኋላ ማርሹ እየጮኸ የሚገባ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው በሚገባ እየለየ አይደለም። ጠፍቶም የማይገባ ከሆነ ጥፋቱ ከማርሽ ዘንጉ ማያያዣዎች ወይም ከራሱ ከካምቢዮው ነው።

እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ፣ ኮፈኑን ከፍተው የፍሪሲዮኑን ዘይት መያዣ ይመልከቱ። ዘይቱ ከጎደለ የፈሰሰበት ቦታ አለና፣ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን የላይኛውን ፓምፕና ካምቢዮው ጎን የታሰረውን የታችኛውን ፓምፕ ይፈትሹ፤ የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣትዎ ገለጥ ሲያደርጉት ውስጡ በዘይት ርሶ ካገኙት ጎሚኒው (ዘይት እንዳያፈስ ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ) አልቋል ማለት ነው። ጎሚኒው ከተቀየረ በኋላ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት የፍሬን ዘይት ይሙሉ፤ ከዚያም አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው የማስተንፈሻ ቡሎኑን እየከፈተና እየዘጋ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አየሩን ያስወጣ። በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

የታችኛው ፓምፕ ዘንግ በደንብ እየገፋ ማርሹ አሁንም ካልገባ፣ የፍሪሲዮኑን ሸራ (ዲስክ) እና ኩሽኔታ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ቤሪንግ) ለማየት ካምቢዮውን ማስወረድ ያን ጊዜ ተገቢ ይሆናል።