የውሸት አንቲቫይረስ ሲመጣባችሁ

«ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተወሯል፣ አሁኑኑ ይክፈሉ» የሚል ቀይ መስኮት ድንገት ከመጣባችሁ አትደንግጡ። በሰከንዶች ውስጥ መአት ቫይረስ «አግኝቶ» ለማጥፋት ብር የሚጠይቅ ከሆነ ሌባው ራሱ እሱ ነው። የኤክስ ምልክቷንም አትንኩ፣ እሷም ወጥመድ ልትሆን ትችላለች። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር (የተከፈቱ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ብራውዘሩን ዝጉት።

የውሸት አንቲቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ኢንስቶል ተደርጎ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ከዚያ ስካን ኦፕሽንስ ግቡና የዲፌንደርን (የዊንዶውስ የራሱን አንቲቫይረስ) ኦፍላይን ስካን ምረጡ። ነፃ ነው፣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ አጭበርባሪው ፕሮግራም ተነስቶ ለመደበቅ ዕድል አያገኝም። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ፍላሽ ካላችሁ፣ እባካችሁ እሱንም ሳትከፍቱ ስካን አድርጉት።

ኦፍላይን ስካኑ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ስለሚያደርግ የጀመራችሁትን ሥራ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ደግሞ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ አትጀምሩት።