ሞተር ሳይክል እየነዱ በውጭ አገር ለመጓዝ በሕግ የሚጠየቁ ዕቃዎችን እንዴት ማሟላት እንደሚቻል፦ ከጎጃም ለሚነሣ ተጓዥ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ በኩል ያለፈ፣ ከደጀን በታች ያለውን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድም በሰላም የጨረሰ ሞተረኛ፣ ናይሮቢ ወይም ፓሪስ ላይ መንዳት ብዙም አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው፣ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ አንጸባራቂ ሰደርያውን ሲጠይቀው ዕቃው በሻንጣው ሥር ከድርቆሹና ከዳቦ ቆሎው በታች ተቀብሮ መገኘቱ ነው። በሕግ የሚጠየቅ ዕቃ ተገዝቷል የሚባለው ትክክለኛውን ምልክት ይዞ፣ በተጠየቀበት ቅጽበት እጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ሲቀመጥ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም የተዘጋጀው ይህን መሠረት አድርጎ ነው።

መጀመሪያ፣ የሚያልፉባቸውን አገሮች በሙሉ በወረቀት ላይ በተራ ይጻፉ፤ ለግማሽ ቀን ብቻ የሚረግጡትንም አገር አይተዉ። ለጎጃም ሰው የሚቀርበው ድንበር በመተማ በኩል ያለው ቢሆንም፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያ መንገድ ለጉብኝት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ በራሱ ሞተር የሚሄድ ሰው አዲስ አበባን አልፎ በሞያሌ ወደ ኬንያ መውረድን ያስባል፤ ሌላው ደግሞ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ሄዶ፣ ከዘመድ ቤት እያረፈ፣ ሞተር ተከራይቶ የሚዞር ነው። ከእያንዳንዱ አገር ስም ጎን የሚለበሰውን፣ የሚያዘውንና የተከለከለውን ለየብቻ ካሰፈሩ በኋላ፣ ከየአገሩ የጠበቀውን ሕግ መርጠው ለጉዞው ሁሉ በዚያ ይዘጋጁ። ለምሳሌ የጀርመን ሕግ ሞተረኛን አንጸባራቂ ሰደርያም ሆነ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ እንዲይዝ አያስገድድም፤ ነገር ግን ከጀርመን ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር ሰደርያው፣ ወደ ኦስትሪያ ሲሻገር ደግሞ የመጀመሪያ ዕርዳታው ግዴታ ይሆንበታል።

ቀጥሎ ወረቀቱን ያሟሉ፤ ወረቀት የጎደለው ሰው ዕቃው ሁሉ ቢሟላ ከድንበር አያልፍምና። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የአገር ቤቱን መንጃ ፈቃድ የሚተረጉም ሰነድ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው መያዝ አለባቸው፤ የሞተር ሳይክል ምድብ በሆነው በ«ኤ» ፊደል አንጻር ማኅተም መኖሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ሳሉ ይመልከቱ። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በ1968ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በመሆኑም የሚሄዱበት አገር የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል፤ ቦሎውም ከመመለሻው ቀን በፊት የሚያበቃ መሆን የለበትም። ከታርጋው አጠገብ የአገራችን መለያ የሆኑት «ኢ»፣ «ቲ» እና «ኤች» የላቲን ፊደላት ይለጠፋሉ።

የአገር ቤቱ የሦስተኛ ወገን መድን ብቻውን ድንበር አያሻግርም። ለኬንያና ለጎረቤቶቿ የሚያገለግለው፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው የመድን ሰነድ ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይከፍላል እንጂ የራስን ሞተር አይጠግንም። ሲቀበሉ የሚገቡባቸው አገሮች ስም በትክክል መስፈሩን ያረጋግጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም ብዙ ጊዜ ቢጫ ካርድ ስለሚባል ሁለቱ ሲምታቱ አይቻለሁ፤ የጤና ባለሙያው የሚጠይቀው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሞተሩን ቀረጥ ሳይከፍሉ በጊዜያዊነት ለማስገባት ደግሞ የጉምሩክ ማለፊያ ደብተር፣ ማለትም ካርኔ፣ ወይም በድንበሩ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የራስ ቁሩ፣ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው ነው። በአውሮፓ ተቀባይነት ያለው ሄልሜት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22ን ያሟላ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የአገጭ ማሰሪያውን ገልበጥ አድርጎ ማየት በቂ ነው። በማሰሪያው ላይ የተሰፋች ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለች፤ በእርሷ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ይታያል፤ 1 ጀርመንን፣ 2 ፈረንሳይን፣ 3 ጣሊያንን ያመለክታል። ከሥሩ ያለው ረዥም ቁጥር በ05 ከጀመረ ሄልሜቱ የቀደመውን፣ በ06 ከጀመረ አዲሱን የደንቡን ማሻሻያ ያሟላል። ከቁጥሩ በኋላ «ፒ» ካለ የአገጩ ክፍል ተፈትኖ አልፏል፤ «ጄ» ካለ ሄልሜቱ የተፈቀደው አገጭ የማይሸፍን ሆኖ ነው። አገጩ ወደ ላይ የሚነሣ ሄልሜት ሁለቱንም ፊደላት ከያዘ ተከፍቶም ተዘግቶም ሊነዳበት ይችላል።

እኔ ከዓመታት በፊት ከገበያ የገዛሁት ሄልሜት ይህ ምልክት ከኋላው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ቤት ገብቼ በጥፍሬ ጠርዙን ስፍቀው እንደ ማስቲካ መጠቅለያ ተነሣ፤ ማሰሪያውን ስገለብጥ ምንም የተሰፋ ነገር የለም። ዋጋው ከእውነተኛው በጣም የራቀ ስላልነበር ያናደደኝ ከሐሰቱ ይልቅ የከፈልኩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ማሰሪያውን ይገልብጡ፤ ሻጩ ቅር ቢለው ይለው። አንድ ጊዜ በኃይል የወደቀ ሄልሜትም ምልክቱ ቢኖርም ውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለረዥም ጉዞ አይያዝ።

ከራስ ቁሩ ቀጥሎ አንጸባራቂ ልብሱ ይመጣል። የኬንያ የትራፊክ ሕግ ሞተር የሚነዳ ሰው ሄልሜትና አንጸባራቂ ያለው ጃኬት እንዲለብስ ያዛል፤ ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው እንዲሁ መልበስ አለበት፤ ከአንድ በላይ ሰው ማፈናጠጥም አይፈቀድም። ስለዚህ ከባለቤትዎ ወይም ከጓደኛዎ ጋር የሚሄዱ ከሆነ ሁሉም ነገር በሁለት ይቆጠራል። በፈረንሳይ ከጥር 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተረኛ አንጸባራቂ ሰደርያ መያዝና በብልሽት ምክንያት መንገድ ዳር ቆሞ ሲወርድ መልበስ አለበት። ይህ ማለት ሰደርያው ጃኬት ኪስ ውስጥ ወይም ከመቀመጫው ሥር እንጂ በታሰረ ሻንጣ ውስጥ መሆን የለበትም። ዓይንዎን ጨፍነው አውጥተው መልበስ እስኪችሉ ድረስ ቤትዎ ደጃፍ ላይ ይለማመዱ፤ ጎረቤት ቢስቅብዎት ግድ የለም።

በጎጃም ደጋ፣ በተለይም ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ በሚያገኘው መንገድ ላይ፣ ጓንት የምናጠልቀው ቁሩን ፈርተን ነው። በፈረንሳይ ግን ከኅዳር 20 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነጂውም የተፈናጣጩም ግዴታ ሆኗል፤ ያላጠለቀ ሰው 68 ዩሮ ይቀጣል። እናት የሠራችው የሱፍ ጓንት የቱንም ያህል ቢሞቅ አያገለግልም፤ በውስጡ በተሰፋው ጨርቅ ላይ የአውሮፓን መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳየው የ«ሲ ኢ» ምልክት መኖር አለበት። ቤልጅየም ከዚህም ትሻገራለች፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሄልሜትና ከጓንት በተጨማሪ እጅጌው ረዥም የሆነ ጃኬት፣ ረዥም ሱሪና ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ትጠይቃለች። በየከተማው በሸበጥ ሞተር መንዳት ለለመድን ሰዎች ከባዱ ይህ የመጨረሻው ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫው ትንሽ ሆኖ አቧራ በማያስገባ መያዣ የታሸገ ይሁን፤ ኦስትሪያ ከሞተረኛም ትጠይቀዋለች። ባለ ሦስት ማዕዘኑ የማስጠንቀቂያ ምልክት በብዙ አገር የመኪና እንጂ የሞተር ግዴታ ስላልሆነ፣ ቦታ ካልተረፈዎት በሰደርያውና በመብራቱ ላይ ማተኮር ይሻላል።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ይምጡ። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የኋላ ቀይ መብራትና ስፖኪዮ የተሟሉ ይሁኑ፤ የጎማው ጥርስ ጥልቀት በጀርመን ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ማርሚታው ተበስቶ የሚያጓራ ከሆነም ያስበይዱት። የቪየናው ስምምነት ሞተር ሳይክል በቀን ጭምር የፊት መብራቱን አብርቶ እንዲሄድ ስለሚደነግግ፣ በጠራራ ፀሐይ ማብራት ባትሪ ማባከን ነው የሚለውን የአገር ቤት አመል ድንበር ላይ ይተዉት። መብራቱ ሌላም ጉዳይ አለው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በግራ በኩል ይነዳሉ፤ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ አንዳንድ መብራት ብርሃኑን በቀኝ ዳር ከፍ ስለሚያደርግ እዚያ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። ለማጣራት ሲመሽ ሞተሩን ከነሙሉ ጭነቱ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ርቀው ያቁሙና ነጂው እንደተቀመጠ አጭሩን መብራት ያብሩ። በግድግዳው ላይ የሚታየው የብርሃን ጠርዝ በስተቀኝ ወደ ላይ ከተሰበረ፣ ያንን የመስተዋቱን ክፍል የሚሸፍን ልጣፍ ያዘጋጁ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ከሆነ ልጣፍ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ጭነት የኋላውን ስለሚጫነው ብርሃኑ በሙሉ ወደ ላይ ተነሥቶ ሊሆን ይችላልና ዝቅ ያስደርጉት።

መያዝ የሌለበትንም ያውጡ። ፈረንሳይ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ እያደረጉ መንዳትን ከልክላለች። ኬንያ ደግሞ ከነሐሴ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታልን አግዳለች፤ ልብሱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ የሚጭን ሁሉ ሞያሌ ሳይደርስ በሸራ ወይም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይቀይረው።

ከመነሣት ሁለት ሳምንት አስቀድመው ሁሉንም ለብሰውና ጭነው፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቀው፣ ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ደጀን ደርሰው ይመለሱ። ጓንቱ ፍሬን ሲይዙ የሚያግድ፣ ሄልሜቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግንባር የሚቆነጥጥ፣ ሰደርያውም በነፋስ እየተነሣ ፊት የሚመታ ከሆነ እዚያ ይታወቃል፤ ለመለወጥም ጊዜ አለ።

የመጨረሻው ሥራ ያለው በመመለሻው ነው። ካርኔው ወይም ጊዜያዊ ፈቃዱ ሲገቡ እንደታተመበት ሁሉ ሲወጡም መታተም አለበት፤ ማኅተሙ ካልተገኘ ሞተሩ እዚያው እንደተሸጠ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት፣ ለካርኔው በዋስትና ያስያዙትም ገንዘብ ሊወረስ ይችላል። ከመስኮቱ ከመራቅዎ በፊት ገጹን ገልጠው ቀኑንና የታርጋውን ቁጥር በራስዎ ዓይን ያንብቡ።