እጃችን በማይደርስበት፦ ታካሚን በስልክ ለምትከታተሉ ፊዚዮቴራፒስቶች ችግርና መፍትሄ

ፊዚዮቴራፒ የእጅ ሙያ ነው። ጉልበት ማበጡን፣ ጡንቻ መላላቱን የምናውቀው ዳስሰን ነው። ታካሚው ጎጃም፣ እኛ አዲስ አበባ ስንሆን ግን የሚቀረን ዓይንና ጥያቄ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ስከታተል ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው ላካፍላችሁ።

ሁሌ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ለውጥ ግን የለም

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ታካሚው እየዋሸ አይደለም። «እንዴት ነዎት?» ስንል ሰላምታ ነው የጠየቅነው፤ የሚመለስልንም ሰላምታ ነው። በዚያ ላይ ስልኩን የያዘላቸው ልጃቸው ነው። ልጅን ላለማስጨነቅ ሕመም ይደበቃል።

ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና የተቀየረላቸው አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተመስገን» ሲሉኝ ቆዩ። አንድ ቀን «እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ምን ያዙ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «የልጄን ትከሻ» አሉኝ። «ሽንት ቤትስ?» «እሱንማ ተወው። እንዳልመላለስ ብዬ ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ።» ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥያቄዬ ልክ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ የዋሉትን ጠይቁ። ደረጃ ሲወጡ የትኛውን እግር ያስቀድማሉ? ቅዳሴ ቆመው ነው ያስቀደሱት ወይስ ተቀምጠው? ሰላት መሬት ነው ወይስ ወንበር ላይ? ሌሊት ሕመሙ ስንቴ ቀሰቀሰዎት? «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» የሚለው ከዚህ በኋላ ይምጣ። በዚህ መለኪያ የ1 ነጥብ ለውጥ ብዙ አይነግረንም፤ 2 ሲሆን ግን ልብ በሉት። እንቅስቃሴው የቀሰቀሰው ሕመም በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ካልተመለሰ፣ የሰጠነው በዝቷል ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት 9 ጊዜ ተነሳ፤ ዛሬ 5 ብቻ

በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ስንቆጥር የሚገጥም ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት ወንበሩን አሳዩኝ በሉ። ባለፈው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነበር፤ ዛሬ ሶፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር መነሳት ይከብዳል። ፈተናው 43 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ወንበር ይፈልጋል፤ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ ወንበር ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ያለውን አስለኩና ሁሌ በዚያው ይሁን። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፤ ሰውም አጠገቡ ይቁም።

የስልክ እርምጃ ቆጣሪም ቀስ ብሎ የሚራመድን ሰው አሳንሶ ይቆጥራል። ታካሚው ሰነፈ ብላችሁ አትፍረዱበት።

የጉልበቱ መታጠፍ በትክክል አይታይም

ስልኩ ከላይ ወይም በሰያፍ ተይዟል። በጉልበት ቁመት፣ ከጎን፣ 2 ሜትር ያህል ርቆ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ይደገፍ። ልብስ ከጉልበት በላይ ይሰብሰብ፤ ይህን ከማዘዛችሁ በፊት ግን ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቁ። ኔትወርክ ከተቆራረጠ አትታገሉ። በድምፅ አስረዷቸውና የ15 ሰከንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላኩላችሁ። ቪዲዮው ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ስልካችሁ ላይ አይቀመጥ፤ አይታችሁ፣ መዝግባችሁ አጥፉት።

በቀጠሮው ሰዓት ስልክ አያነሱም

በተለይ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ ሀገር ቤት ያለን ሰው ስትከታተሉ ያጋጥማል። እናንተ «8 ሰዓት» ስትሉ ጠዋት ነው፤ እነሱ ጋ ከምሳ በኋላ። «በሀበሻ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 8» ብላችሁ ለዩት።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዱ ባት አብጧል

ይሄ በስልክ አይፈታም። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነካ ካመመ፣ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ከጉልበት በታች 10 ሴንቲሜትር ላይ ሁለቱን ባቶች በልብስ ሰፊ ሜትር ማስለካት ይቻላል። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ከባድ ምልክት ነው። ልዩነቱ ቢያንስም ግን ጥርጣሬው አይጠፋም። ቤተሰብ ሊያሸው ይነሳል፤ ወጌሻ እንጥራ የሚልም አይጠፋም። እግሩ አይታሽ። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንት እምቢ ካለው ወይም ብልቱና መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘም እንደዚያው ነው።

ለዚህ ሲባል በመጀመሪያው ጥሪ፣ ገና አንድም እንቅስቃሴ ሳላሳይ፣ ሦስት ነገር ጠይቄ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፦ የቤቱን ትክክለኛ ቦታ፣ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል፣ መኪና ያለውን ጎረቤት ስልክ ቁጥር።