ለመጸው የተራራ ጉዞ ቦርሳን ማሰናዳት

በመጸው ተራራ የሚወጣ ሰው ቦርሳውን ማሰናዳት ያለበት መነሻው ላይ ላለው አየር ሳይሆን፣ ከፍታው ላይ ልብሱ ረጥቦ፣ ነፋስ እየመታው ቆሞ ሊያሳልፍ ለሚችለው ለከፋው ሰዓት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ግርጌው ላይ 14 ዲግሪ የነበረው 1,200 ሜትር ከፍ ሲባል ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። በዚያ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከታከለበት፣ ፊት ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ሲመለከቱ በአቅራቢያው ያለውን ከተማ ሳይሆን የሚወጡበትን ከፍታ ትንበያ፣ በተለይም የነፋሱን ፍጥነት ይመልከቱ።

ልብስ ሲመርጡ ጥጥን ከሁሉ በፊት ይተዉ። የጥጥ ካኒተራ ላብን መጥጦ ይይዛል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አንዴ ከረጠበ በኋላ ገላን ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል። ከገላ ጋር የሚነካካው ልብስ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ሱፍ እርጥበት ይዞም ቢሆን ያሞቃል፣ ፖሊስተር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። በላዩ ላይ ሹራብ፣ ከዚያም ዝናብና ነፋስ የማያስገባ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይደረባል። ብዙ ሰው የዝናብ ጃኬት ይዞ የዝናብ ሱሪውን ይተወዋል፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም፤ ጭን በረጠበና ነፋስ በመታው ጊዜ መላው ሰውነት ይቀዘቅዛልና። ሱሪውን ሲገዙ ጫማ ሳያወልቁ ለመልበስ እንዲያመች ከጎኑ ረጅም ዚፕ ያለውን ይምረጡ።

ከእነዚህ ሌላ፣ ሲራመዱ የማይለበስ፣ ሲቆሙ ብቻ የሚደረብ ወፍራም ጃኬት መያዝ ያስፈልጋል። በላባ የተሞላ ጃኬት ቀላልና ሞቃት ቢሆንም፣ ሲረጥብ ላባው ስለሚጣበቅ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ዝናብ በሚያሰጋበት ወቅት ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ጃኬት የበለጠ ያስተማምናል። ልብስ የሚረጥበው በዝናብ ብቻ እንዳልሆነም ማሰብ ይገባል። ዳገቱን ተጀቡኖ የሚወጣ ሰው ጫፍ ላይ የሚደርሰው በላብ ረጥቦ ነውና፣ ጉዞውን ሲጀምሩ ትንሽ ብርድ ብርድ ቢልዎት ይሻላል።

ለእጅ የሚደረገው ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ሁለት ጥንድ ጓንት ይያዙ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ደረቅ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ጣት ሲደነዝዝ ዚፕ መክፈት እንኳ ያቅታል፤ በእያንዳንዱ ዚፕ ላይ አጭር ገመድ ይሰሩና ጓንት እንዳጠለቁ መሳብ መቻልዎን ቤት ውስጥ ይሞክሩት። ተጨማሪ ካልሲና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያም አይርሱ። ጫማው በእርጥብ ድንጋይና በወደቀ ቅጠል ላይ የማያንሸራትት፣ ሶሉ ያልተበላ ይሁን።

አሁን ወደ አደራደሩ እንምጣ። ከቦርሳው ውጭ የሚለበሰው የዝናብ ሽፋን ብቻውን አይበቃም፤ ነፋስ ይገፈዋል፣ ውኃም በጀርባው በኩል ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቦርሳው ውስጥ አንድ ትልቅና ጠንካራ ፌስታል ያስገቡ፤ ዕቃው ሁሉ በዚያ ውስጥ ይሁንና አፉ ተጠቅልሎ ይታጠፍ። ቅያሪ ልብሱ ከታች፣ ከባዱ ዕቃ መሐል ላይ ከጀርባዎ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ። የዝናብ ልብሱና ጓንቱ ግን ምንጊዜም ከላይ ይሁኑ፤ ዝናቡ ሲጀምር ሌላውን ዕቃ እያወጡ የሚፈልጓቸው ከሆነ፣ እነሱን እስኪያገኙ ሁሉም ነገር ይረጥባል።

ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀኑ ከሌሊቱ እያጠረ ስለሚሄድ፣ ከሰዓት በፊት እመለሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው እንኳ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ መያዝ አለበት። ቅዝቃዜ የባትሪ ድንጋይን ኃይል ይቀንሳል፤ ሊቲየም ከተራው አልካላይን የተሻለ ይቋቋመዋል። ስልክዎን ከገላዎ ጋር በተጠጋ የውስጥ ኪስ ይያዙት፤ እሱ ቢጠፋም መንገድ እንዳይጠፋዎት የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ይኑርዎት። በብርድ ጥማት ብዙም ስለማይሰማ፣ ከውኃው ጋር ትኩስ ነገር የያዘ ፔርሙዝ ቢጨምሩ መጠጣቱን አይዘነጉትም። የሚበላው ነገር ደግሞ ጓንት ሳያወልቁ የሚያነሱት ይሁን።

በመጨረሻም የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ሙቀት የሚመልስ ብርማ ብርድ ልብስና ፊሽካ በቀላሉ በሚደረስበት ኪስ ይቀመጡ። ከአልፕስ ተራሮች በተለመደው የአደጋ ጥሪ መሠረት ፊሽካ በ1 ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ይነፋል፣ 1 ደቂቃ ይታረፋል፣ ከዚያም ይደገማል፤ የሰማው ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ በመንፋት ይመልሳል። በባትሪ መብራትም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የሚሄዱበትን መንገድ፣ ጫፉ ላይ ባይደርሱም እንኳ ወደ ኋላ የሚመለሱበትን ሰዓትና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወሉ እርዳታ መጠራት እንዳለበት ጽፈው፣ ቤት ለሚቀር ሰው ይስጡ።